በርጫ ቤት የተነበበው ረቂቅ አዋጅ

ቁጡ መሆኔን አልክድም። ባሌ ያውቀዋል፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ያውቁታል፣ የጭሮ ባጃጅ ነጂዎችም አንድ በአንድ ያውቁታል። ማይክሮፎን ፊት ግን ሌላ ሰው ነኝ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጠፋች ግመል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የክትባት ቀን፣ የቀብር ሰዓት የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ከፊቴ ደርድሬ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ረጋ ብዬ አነባለሁ። በትንሿ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያችን ይህን የመልእክት ዝግጅት ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የያዝኩት እኔ ነኝ። ወረቀቶቹን ከበደሳ የጫት ጭነት መኪኖች፣ ከሚኤሶ ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌሮች ያደርሱልኛል። መጻፍ የማይችል ሰው በሩ ላይ ቆሞ በቃሉ ይነግረኛል። ቆላ ውስጥ ስልክ የሚሠራው ኮረብታ ላይ ለወጣ ሰው ነው፤ ግመል የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኮረብታ ላይ ሊቆም አይችልም። ሬዲዮውን ግን ከአንገቱ አያወርድም።

ጣቢያችን ከተቋቋመ ጀምሮ ሁለት አለቃ ነበረው። የምንናገረውን የሚፈቅደው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ የምንናገርበትን ሞገድ የሚፈቅደው ሌላ። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። ፈቃዳችን ጊዜው ሲያልቅ አንዱ «መጀመሪያ የሞገዱን ማረጋገጫ አምጡ» አለን፤ ሌላው «መጀመሪያ የታደሰ ፈቃድ አምጡ» አለን። እግራችን እስኪቀጥን ተመላለስን። በመጨረሻ አንድ አዛኝ ሰው «ጉዳያችሁ እስኪያልቅ» ብሎ ለስድስት ወር የሚያሠራ ጊዜያዊ ደብዳቤ ጻፈልን። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ሌላ ስድስት ወር፣ ከዚያም ሌላ። እንዲህ እያልን፣ ቤት ልቀቁ እንደሚባል ተከራይ፣ ሻንጣችንን በደንብ ሳንፈታ ኖርን።

ሥራ አስኪያጃችን ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ አሁን ድረስ ሁላችንም ቲቸር እንላቸዋለን። የዛሬ ዓመት ገደማ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘው እየሳቁ ክፍሌ ገቡ።

«ሊጋቡ ነው!» አሉኝ።

«እነማን ናቸው ቲቸር?»

«ሁለቱ አለቆቻችን!»

ብሮድካስትን የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤትና ቴሌኮምን የሚቆጣጠረውን አዋሕዶ አንድ ባለሥልጣን የሚያደርግ ረቂቅ አዋጅ በቴሌግራም ደርሷቸው ነበር። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አንድ በር፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ የሚቆጡት ሰው! መናኸሪያው ጎን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ሙሉውን አሳተምኩና ቤቴ ወስጄ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩት።

ደስታዬ እስከ መጨረሻዎቹ ገጾች ድረስ ነበር። እዚያ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ የሚል ርዕስ አለ። በቀድሞው ሕግ የተሰጡ ፈቃዶች ዘመናቸው እስኪያበቃ ጸንተው ይቆያሉ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኛ ያለን ግን ፈቃድ አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። ዘመኑ ያበቃ ፈቃድና በየስድስት ወሩ የሚለመን ደብዳቤ። አዋጁ በዚህ መልኩ ከጸደቀ በጸደቀበት ቀን ጣቢያችን ዝም ይላል ማለት ነው፤ ማንም ክፉ ሳያስብብን፣ እንዲያው ተረስተን።

በማግስቱ ለቲቸር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «የጻፉት ሰዎች ይህን ሳያስቡት አይቀሩም» አሉ።

«አስበውትማ ቢሆን ይጽፉት ነበር!» አልኳቸው። ጮኼ ነበር መሰለኝ ቴክኒሻኑ ከውጭ አንገቱን ብቅ አደረገ።

ብዙም ሳይቆይ የረቂቁ አዘጋጆች ወደ ጭሮ መጥተው የሕዝብ አስተያየት እንደሚሰበስቡ ተነገረን። ሐሙስ፣ በከተማ አስተዳደሩ አዳራሽ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ለሦስት ተከታታይ ጠዋት በመልእክት ሰዓት ጥሪውን አነበብኩ። ሰዓቱን ሳነብ ግን ምላሴ ተያያዘብኝ። ስምንት ሰዓት እኮ የበርጫ ሰዓት ነው። ምሳ ተበልቶ ሾፌሩም፣ ነጋዴውም፣ የከብት ደላላውም ፍራሽ ላይ አረፍ ብሎ ጫቱን የሚቀነጥስበት፣ ጉዳዩን ሁሉ የሚያወራበት ሰዓት። ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ በዚያ ሰዓት ስብሰባ የሚጠራ ሰው ማንንም አልጠራም።

«ሰዓቱን ማን መረጠ?» አልኩ።

ቲቸር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደውለው ጠየቁኝ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሥራ አይበዛበትም ብዬ…»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ኖረዋል። ጫት ግን ቅመው አያውቁም፤ ከሰዓት በኋላቸውን የሚያሳልፉት መጽሐፍ ይዘው ነው። እኔም በምን አፌ እወቅሳቸዋለሁ? የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ ውስጥ አንድም ቀን በርጫ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ እንደፈራሁት ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ነርሶች፣ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች እዚህም እዚያም ተበታትነው ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ከሌላ ክልል የተመደቡ፣ ከአለቃቸው ደብዳቤ ደርሷቸው የመጡ ናቸው። ከሚኤሶ ማንም የለም። ከበደሳም ማንም የለም። ረቂቁን ያቀረበው ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት የሕግ ባለሙያ ነበር፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። ተነስቼ የደብዳቤውን ጉዳይ ተናገርኩ። ጥሩ አድርጎ ጻፈው።

«አስተያየትዎን ይዘናል» አለኝ። «ግን ይህ የጣቢያው ሠራተኛ አስተያየት ነው። አድማጩ ራሱ ቢናገር ክብደቱ ሌላ ይሆን ነበር።» ባዶዎቹን ወንበሮች አየና አፍሮ ዐይኑን መለሰ። «ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወደ ቀጣዩ ከተማ እንሄዳለን። እስከዚያ በጽሑፍ የሚመጣ ካለ እንቀበላለን።»

ደሜ እየፈላ ወጣሁ። ቲቸርን፣ የሕግ ባለሙያውን ልጅ፣ የጫት ማሳውን ሁሉ በልቤ እየረገምኩ ነበር የምሄደው። መናኸሪያው ጋ ስደርስ አንድ በርጫ ቤት ደጃፍ ላይ የተደረደረ ጫማ አየሁ። የቆዳ ጫማ፣ ሸበጥ፣ የጎማ ጫማ፤ መቁጠር ያታክታል። ከውስጥ የሚኤሶ ሾፌሮች ሳቅ ይሰማል። አድማጮቼ እነሆ፤ ሁሉም በአንድ ክፍል፣ ጊዜ ኖሯቸው፣ የማይነሱ። አዳራሹ ባዶ የሆነው እነሱ ስላልፈለጉ አይደለም፤ እኛ የጠራናቸው የተሳሳተ ቤት ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ጫማዬን አውልቄ ከድርድሩ ጫፍ አስቀመጥኩ። እንግዲህ አንዴ አውልቄዋለሁ ብዬ ገባሁ።

ግድግዳውን ተከትሎ ፍራሽ ተነጥፏል፤ መሐሉ ላይ የውሃ ፕላስቲክ፣ ለስላሳና ኦቾሎኒ ተደርድሯል። የቤቱ ባለቤት ደንግጣ ተነሳች፤ ባሏን ፍለጋ የመጣች ሴት መስያት ይሆናል። በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሾፌር ግን ከያዘው ጫት ላይ ለምለሙን ቀንበጥ መዘዘና «ጀባ» ብሎ ዘረጋልኝ። ጀባ ማለት ከራስ ድርሻ ላይ ቆርጦ ለሌላ መስጠት ነው፤ ለገባ ሰው ሁሉ የሚደረግ ክብር ነው፤ እምቢ ማለት ያስቀይማል።

«ጀባው ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ። እኔ ግን አልቅምም» አልኩ። ከቦርሳዬ ረቂቁን አወጣሁና ገጾቹን ለያየሁ። «እኔ ደግሞ ይሄን ጀባ ልበላችሁ።» ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ገጽ ሰጠሁ።

ጥግ ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ቀና አሉ። «አሰላሙ አለይኩም የምትለዋ! ጠዋት ጠዋት! ኢንተላ ራዲዮ!» አሉ፤ የሬዲዮዋ ልጅ ማለታቸው ነው። «ድምፅሽ እኮ ከእኔ ጋር ቤት ይውላል። ፊትሽን ዛሬ አየሁ።» ከሚኤሶ በታች ግመል የሚያረቡ ሐጂ ነበሩ፤ ለገበያ መጥተው ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ የእኔ ሆነ።

እያንዳንዱ በእጁ የያዘውን ገጽ አንብቤ በኦሮምኛ ፈታሁላቸው። ስለ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ስነግራቸው ሳቁ፤ የመጨረሻውን አንቀጽ ስነግራቸው ሳቁ ቆመ። አንድ የከብት ደላላ ብቻ ስልኩን አወዛወዘና «ይሄ እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል? ዘመኑ አልፏል» አለ።

ሐጂ ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ ከተማ ነው የምትኖረው» አሉት። «እኔ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ጎርፍ ይመጣል። ዝናቡ የሚዘንበው እዚህ ላይ፣ ጭሮ ነው፤ ውሃው የሚደርሰው እኛ ጋ ታች። አምና ይቺ ልጅ ጠዋት፦ ላይ ደጋው ከባድ ዝናብ ዘንቧል፣ ወንዙን አትሻገሩ አለች። ወንዙ ደረቅ ነው፣ አሸዋ ነው። የልጅ ልጆቼ ግመል ይዘው ሊሻገሩ ነበር። ያዝኳቸው። ከቀትሩ የዙህር ሰላት በፊት ውሃው መጣ፣ ዛፍ ይዞ መጣ።» ወደ ደላላው እጅ ጠቆሙ። «ስልክህ እዚያ አይሠራም፣ ልጄ።»

ደላላው ስልኩን ኪሱ ከተተ። በኋላ አስተያየቱ ሲጻፍ ከሁሉም በፊት የፈረመውም እሱ ነው።

ከዚያ ምርቃናው መጣ። ቃሚ ሲመረቅን የማይቃና የዓለም ችግር የለም። አንዱ ስለ መብራት መቆራረጥ ይጻፍ አለ፣ ሌላው ስለ መንገዱ፣ ሾፌሮቹ በአንድ ድምፅ ስለ ኬላው። ማይክሮፎን ፊት የሌለው ጠባዬ ብቅ አለ። «ኬላውን ሌላ ቀን!» ብዬ ጮህኩ። «ዛሬ የምንጽፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። አንድ! ሌላ የሚጨምር ሰው ካለ ገጼን ይመልስልኝ!» ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። በመጨረሻ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ ፈቃዳቸው በመታደስ ላይ ያለና በጊዜያዊ ደብዳቤ የሚሠሩ ጣቢያዎች የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጣቸው ድረስ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የሚጽፍ ፈረመ፤ የማይጽፍ አውራ ጣቱን በእስክሪብቶ ቀለም ቀብቶ አተመ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ሄጄ ወረቀቱን ለሕግ ባለሙያው ሰጠሁት። ፊርማውን አይቶ ገረመው። ቅጹ ላይ ውይይቱ የተካሄደበት ቦታ የሚል ክፍት መስመር ነበር፤ ብዕሩን ይዞ ቀና አለ።

«የት ልበል?»

«በርጫ ቤት» አልኩት።

«እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ቢሮ ውስጥ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ! አንተ የጠራህበት ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። እኔ የሄድኩበት ቤት ውስጥ ነበር።» ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዴ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። እሱ ግን አልተቆጣም። ሐጂም በዚያው ሰዓት ሁለት ሾፌሮች አስከትለው በሩ ላይ ደረሱ፤ የጎርፉን ታሪክ ራሳቸው ደግመው ነገሩት፤ እኔ ተረጎምኩ። ልጁ «ጭሮ፣ በርጫ ቤት» ብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞላው።

ለዚህ ዋጋ ሳልከፍል አልቀረሁም። ጫማዬን በርጫ ቤት ደጃፍ ላይ ያየ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ከመዘምራን ቡድን አርፊ ተባልኩ። ረቂቁን አምጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ነገም ካስፈለገ እገባለሁ አልኳቸው። ለጥቂት እሁዶች ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ዘመርኩ። አልዋሽም፣ ከፍቶኝ ነበር።

ከወራት በኋላ የተሻሻለው ረቂቅ መጣ። ቲቸር የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጠው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉና ሰጡኝ። ዐረፍተ ነገራችን ነበር። ሁለት ቃል ተቀይሯል፤ የቀረው እንዳለ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። አዋጁ ግን አልጸደቀም፤ የእኛ ደብዳቤ ደግሞ ቀኑን አይረሳም። ሊያልቅ ሲል ለአንደኛው መሥሪያ ቤት ደወልን። «ልንዋሐድ ስለሆነ አሁን ደብዳቤ አንሰጥም፤ አዲሱን ባለሥልጣን ጠብቁ» አሉን። ለሁለተኛው ደወልን። ያንኑ አሉን። አዲሱ ባለሥልጣን ደግሞ ገና አልተወለደም! ቅዳሜ ማታ ደብዳቤው አበቃ። ቲቸር ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው፤ ማሠራጫውን በራሳቸው እጅ አጠፉት።

ሰው ወረቀት ማምጣቱን አላቆመም። «አናስተላልፍም» ስላቸው «ግድ የለም፣ ያዢው» እያሉ ይሰጡኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ተከመረ። ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ለመንኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። በሳምንቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ አዲስ አበባ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት የአንደኛው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ፊት ተቀመጥኩ። በዕድሜ የገፉ ጨዋ ሰው ናቸው። «እኔ እንኳ ብፈልግ፣ ሞገዱን የሚመለከተው ወገን ካልተስማማ አልችልም» አሉኝ።

«ቢስማሙስ?»

«ቢስማሙማ ምን ችግር አለ።»

ስልኬን አወጣሁና ለሁለተኛው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደወልኩ፤ ቁጥሯን ከሳምንቱ ልመና በቃሌ ይዤው ነበር። ስታነሳ ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩት። «እመቤቴ፣ አሁን ከእኚህ ጋር ነው ያለሁት፣ ይሰሙዎታል» አልኩ። ሁለቱ ሰላም ተባባሉ። እንደገባኝ ከሆነ ከዚያ በፊት የሚተዋወቁት በደብዳቤ ብቻ ነው። የተሻሻለውን ረቂቅ ገልጬ ዐረፍተ ነገራችንን አነበብኩላቸው፤ በመልእክት ሰዓት ድምፄ፣ ረጋ ብዬ። «ነገ በሕግ የምትፈቅዱትን ዛሬ በእጃችሁ እያለ ለምን ትከለክሉናላችሁ? እስክትስማሙ ድረስ ከዚህ ወንበር አልነሳም» አልኩ። አልተነሳሁምም። ከቀትር በኋላ ደብዳቤው ተፈረመ፤ የሁለቱም ማኅተም አለበት። ፎቶ አንስቼ ለቲቸር ላክሁላቸው።

ረቡዕ ጠዋት ማይክሮፎኑ ፊት ነበርኩ። ክምሩን ሲያዩ ቲቸር «ጊዜ ያለፈባቸውን አውጪያቸው» አሉኝ። አላወጣሁም። የተገኘችውን ግመልም፣ ያለፈውን ሠርግም፣ የተፈጸመውን ቀብርም በቀናቸው ቅደም ተከተል አነበብኩ። ሰው አደራ ብሎ የሰጠኝን እኔ አልመርጥም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ አንድ ሰው ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከሚኤሶ ማዶ ከብት ይዞ የከረመ፣ ወደ በደሳ የሚሄድ መኪና የሚጠብቅ ጎልማሳ ነው፤ ልብሱ አቧራ ለብሷል። በኦሮምኛ ጠየቀኝ። «እናቴ ያረፈችው ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ማክሰኞ» አልኩት። «ቀብሩም በዚያው ቀን ነው።»

አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን ሬዲዮ ያዝ አደረጋት። «ማክሰኞ ከፍቼ ነበር» አለኝ። «ጠዋትም ከፍቼ ነበር፣ ቀትርም። ሺሺሺ ይላል። ባትሪው መስሎኝ ቀየርኩት።»

አልወቀሰኝም፤ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገው። ባትሪው እንዳልሆነ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ገብቼ ቲቸርን ደብዳቤው የሚያበቃበትን ቀን ግድግዳው ላይ በትልቁ እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። ጻፉት። ከሥሩ ደግሞ እኔ ከዚያ ሁለት ወር የሚቀድመውን ቀን ጻፍኩ። አዋጁ ጸደቀም አልጸደቀም፣ እኔ በጻፍኩት ቀን አዲስ አበባ የሚሄደው የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ነኝ።